አቶ ታፈሰና የዜማ ደራሲዎቹ ፊርማ

አቶ ታፈሰ ወንድይራድ ሐሙስ ጠዋት ሐረር፣ አቦከር በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ልጃቸው ሮማን ደውላ ስትነግረኝ ቢሮ ነበርኩ፤ የዕለቱን ገቢ ደብዳቤ እመዘግብ ነበር። የጀመርኩትን መስመር ጨርሼ ቁጥሩን ጻፍኩና ብዕሬን አስቀመጥኩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የተጀመረ መስመር ሳይሞላ ከወንበር መነሣት አይወዱም ነበር።

በቀብራቸው ዕለት ጥቂት ቃል እንድናገር ተጠይቄ አልቻልኩም። የምታውቁኝ አትፈርዱብኝም፤ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። እሳቸውም ይህን ያውቁ ነበርና የሚቀየሙኝ አይመስለኝም። ያን ቀን ያልተናገርኩትን አሁን ጽፌላችኋለሁ።

ብዙዎቻችሁ አቶ ታፈሰን የምታስታውሷቸው በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል ነው። ግራጫ ካፖርት፣ ከጆሮ ላይ የማይወርድ እርሳስ፣ በክር የታሰረ መነጽር። ጠፋ የተባለ ፋይል ሲፈለግ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። «የጠፋ ፋይል የለም፤ ቦታውን የሳተ እንጂ» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ የመሬት ጉዳይ የያዙ አዛውንት ከገጠር መጥተው፣ በየቢሮው ፋይልዎ የለም ተብለው መስኮታችን ሥር ተቀመጡ። አቶ ታፈሰ ምሳቸውን ትተው ከአዛውንቱ ጋር በኦሮምኛ ሲያወሩ ቆዩ። ስለ ፋይሉ አንድም አልጠየቋቸውም። ስለ አባታቸው፣ ስለ አያታቸው፣ በልጅነት ማን እያሉ እንደሚጠሯቸው ነበር የጠየቁት። ከዚያ ተነሥተው ገቡና ፋይሉን በሕፃንነት ስማቸው ተመዝግቦ አገኙት። አዛውንቱ ሲመርቁ እሳቸው አቧራቸውን እያራገፉ፣ እኔ ሳልሆን ስምዎ ነው ያገኘው አሏቸው።

እኔ ዲግሪዬን ይዤ እዚያ ስመደብ የመጀመሪያው ሳምንት ጭንቅ ነበር። ባለጉዳይ ሲመጣ ተራ የመጥራት ሥራ ተሰጠኝ፤ የምጠራውን ስም ግን ከመስኮቱ ወዲያ የሚሰማው አልነበረም። ሰው ያጉረመርም ጀመር። አቶ ታፈሰ ወንበሬን አንሥተው ከመስኮቱ አጠገብ፣ በጣም አጠገብ አስቀመጡትና፣ «ድምፅሽ ትንሽ ከሆነ ሰው ጠጋ ብሎ ይሰማሻል። ጩኸት ለራቀ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ታፈሰ እላቸው ጀመር።

ብዙዎቻችሁ የማታውቁት የቤታቸውን መዝገብ ቤት ነው።

በመኝታ ክፍላቸው ከአልጋው ትይዩ ሁለት የብረት ካቢኔቶች አሉ። በውስጣቸው ያለው የዘፈን ዜማ ደራሲዎች ደብዳቤና ፎቶግራፍ ነው፤ ሁሉም የተፈረመበት። የዘፋኝ አንድም የለም። ነገሩ የተጀመረው ገና ወጣት ሳሉ በገዙት ካሴት ነበር። ፊት ለፊቱ ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍ ቦታውን ሞልቶታል። ወረቀቱን ሲገልጡት ደግሞ በውስጠኛው ገጽ፣ ከታች፣ ለማንበብ ዓይን በምታደክም ትንሽ ፊደል፣ የዜማው ደራሲ ስም ተጽፏል። «ዘፋኙን አገር ያውቀዋል» አሉኝ አንድ ቀን። «ዜማውን የወለደው ሰው ግን ሻይ ቤት ገብቶ፣ የራሱን ዘፈን እየሰማ ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል። ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ቢያንስ አንድ ሰው ዞር ይበል ብዬ ነው።»

ዞር ያሉትም በሚያውቁት መንገድ ነበር። መደበኛ ደብዳቤ ከመጻፍ በቀር ሌላ የአጻጻፍ ዓይነት አያውቁም። ወረቀቱን ራሳቸው ይገዙታል፤ የመንግሥት ወረቀት ለመንግሥት ነው ይሉ ነበር። ሥርዓቱ ግን አንዲት ነጥብ አትጎድለውም። ከላይ በቀኝ በኩል ቁጥርና ቀን፣ ከዚያ የተቀባዩ ስም፣ ከዚያ መሐል ላይ ከሥሩ ተሰምሮ፣ «ጉዳዩ፦ ፊርማና ፎቶግራፍ ስለመጠየቅ»። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነበር፤ አንድ ፊርማ፣ አንድ ፎቶግራፍ፣ እና ዜማው እንዴት እንደመጣላቸው ባጭሩ። ሮማን ሁልጊዜ ትቀልድባቸው ነበር። «አባዬ፣ ይኼ የአድናቂ ደብዳቤ ነው ወይስ የዲሲፕሊን ክስ?» ትላቸዋለች። እሳቸውም ሳይስቁ፣ በሥርዓት የተጠየቀ ሰው በሥርዓት ይመልሳል ይሏታል።

ደግሞም መለሱላቸው። አንዱ ዜማው የመጣላቸው ዝናብ አግዷቸው ከአንድ ሱቅ ጣራ ሥር እንደቆሙ መሆኑን ጽፈዋል። ሌላው ግማሽ ጢማቸውን ተላጭተው መብራት በጠፋበት ጊዜ የተነሡትን ፎቶግራፍ ልከዋል፤ ዜማውን መብራቱ እስኪመለስ ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ተቀምጠው ያዜሙት እንደሆነ ከጀርባው ጽፈውበት። አንዲት የዜማ ደራሲ ደግሞ ከፎቶግራፋቸው ጋር አንድ መስመር ብቻ ልከው ነበር፤ «ዜማውን ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት»። ጋሽ ታፈሰ ለያንዳንዱ ሰው ፋይል ይከፍታሉ፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ በእርሳስ የገጽ ቁጥር ይጽፋሉ። ገዝተው ያስገቡት አንድም የለም። አንድ ዕቃ ነጋዴ የታዋቂ ሰው ፊርማ ያለበት ፎቶግራፍ ይዞላቸው መጥቶ ዋጋ ሲነግራቸው፣ «ለእኔ ያልተጻፈ ደብዳቤ እኔ ቤት ምን ይሠራል?» ብለው ሻይ ጋብዘው ሸኙት።

ጡረታ ከወጡ በኋላ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጽሕፈታቸው መስመር ሲስትባቸው ተቸገሩና ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ በላፕቶፔ እጽፍላቸው ጀመር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አነብላቸዋለሁ፣ ይፈርማሉ። አሁን የምነግራችሁ ነገር የተከሰተው በዚያን ጊዜ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

አቶ ደጀኔ የሚባሉ የዜማ ደራሲ አሉ። ዛሬም በየሠርጉ የሚዘፈን አንድ ዘፈን በስማቸው ተመዝግቧል። ቤተሰባቸውን ላለማስቸገር የዘፈኑን ርእስ አልጽፍም። ጋሽ ታፈሰ በእጃቸው ሁለት ጊዜ ጽፈውላቸው መልስ አላገኙም ነበር። ሦስተኛውን እኔ ጻፍኩ። ጽሕፈት የሚሠራ ሁሉ እንደሚያደርገው አዲስ ገጽ አልከፈትኩም፤ ከቢሮ የነበረኝን የቆየ ደብዳቤ ከፍቼ የላይኛውን አጥፍቼ በላዩ ጻፍኩበት። ጋሽ ታፈሰ ያን ቀን ኮስተር ብለው ስለነበር ጉዳዩንም ጠንከር አደረጉት፤ የዜማውን አመጣጥ በጽሑፍ እንዲገልጹ ስለመጠየቅ የሚል ሆነ። አነበብኩላቸው፣ ፈረሙ፣ ፖስታ ቤት ወስጄ ላክሁት። ከፊርማው በታች፣ ከገጹ ግርጌ፣ ከድሮው ደብዳቤ የቀረውን መስመር ሁለታችንም አላየነውም። «ግልባጭ፦ ለሕግ አገልግሎት» ይላል።

ደብዳቤውን ከላክሁ በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በፊት በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሱፍ የለበሱ፣ ትንሽ ቦርሳ የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል። «ተጠርቼ ነው የመጣሁት፤ አቶ ታፈሰ የሚባሉት ኃላፊ እዚህ ናቸው?» አሉኝ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ሌሊቱን መንገድ ላይ አድረው መጥተው ማደሪያ እንኳ ሳይዙ በቀጥታ እኛ ጋ ነበር የመጡት።

ጋሽ ታፈሰ አቶ ደጀኔ መሆናቸውን ሲያውቁ ፊታቸው በራ። ለስንት ዓመት በካሴት ወረቀት ላይ የሚያውቁት ስም ከነእግሩ ቤታቸው ገብቷል። እንግዳው ግን ሻዩን አልነኩም። ከቦርሳቸው አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ መታወቂያቸውንና ደብዳቤያችንን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደብዳቤዎች አለመመለሳቸው ጥፋት መሆኑን፣ አሁን ግን ጉዳዩ ወደ ሕግ ሳይሄድ በቃላቸው ሊያስረዱ መምጣታቸውን ተናገሩ። የምን ሕግ ብለን ስንጠይቃቸው አልሰሙንም። መንገዱን ሁሉ ሲለማመዱት የመጡ ይመስለኛል፤ ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው፣ «ዜማው የእኔ አይደለም» አሉ።

ቀጠሉ። ወጣት ሳሉ ከአንድ የኪነት ቡድን ጋር ሐረር መጥተው ነበር። የመድረክ ልብሳቸውን ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ያለ ኢድሪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር የሰፋላቸው። ልብሱ እስኪደርስ ሦስት ቀን ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ድምፅ ጋር እያስማማ አንዲት ዜማ ያንጎራጉር ነበር። ዜማዋን ይዘዋት ሄዱ። ግጥም ተገጠመላት፣ ተቀረጸች፣ ስማቸው ተጻፈባት። መጀመሪያ ለመናገር አፍረው፣ በኋላ ደግሞ ጊዜው አልፏል ብለው ኖሩ።

ደብዳቤውን አንሥቼ አየሁት። ያቺ መስመር ከግርጌው አለች። ማንም ሳይጠይቀኝ ተናግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ተናገርኩ። ግልባጩ የእኔ ስህተት መሆኑን፣ ከሌላ ደብዳቤ የቀረ መሆኑን፣ ወደ የትም አለመላኩን ነገርኳቸው።

ጋሽ ታፈሰ መነጽራቸውን አወለቁ። ለእኔ አንድም የቁጣ ቃል አልተናገሩም። ወደ እንግዳው ዞረው፣ «አቶ ደጀኔ፣ ይህ የአድናቂ ደብዳቤ ነው። ማንም አልከሰሰዎትም። የተናገሩት በእኛ ስህተት ነውና እኛ ዘንድ አልገባም። ቦታውን ስቶ የመጣ ደብዳቤ ቁጥር አይሰጠውም፤ ሳይከፈት ለባለቤቱ ይመለሳል» አሏቸው።

አቶ ደጀኔ ተቆጡ። ያን ያህል መንገድ፣ ያን ያህል ሌሊት ያለ እንቅልፍ፣ ለጽሕፈት ስህተት ነው እንዴ ብለው ፎቶግራፎቻቸውን ሰብስበው ተነሡ። ጋሽ ታፈሰ እስከ በሩ ሸኟቸው፤ ቆዩ አላሏቸውም፤ ማደሪያ ብቻ አሳዩዋቸው።

በሩ ሲዘጋ ሁለታችን ተፋጠጥን። ጋሽ ኢድሪስን ጋሽ ታፈሰም እኔም እናውቃቸዋለን። ያ ግራጫ ካፖርት የተሰፋው እሳቸው ዘንድ ነው። እኔ ተከራከርኩ፤ እውነቱን ሰምተን እንዴት ዝም እንላለን አልኳቸው።

«እውነት ነው» አሉኝ። «እኛ ግን ፈልገን አላገኘነውም፤ ወደቀብን። አስፈራርተን ያመጣነውን ነገር ለኢድሪስ ስጦታ ነው ብዬ አልሰጠውም። ሰውየው ራሱ ይምጣበት።»

ካልመጣስ ስላቸው፣ «ካልመጣማ እኔ ይህን እያወቅኩ ሁለተኛ ካፖርት ኢድሪስ ዘንድ ማሰፋት አልችልም» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ምሳ አልበሉም። የሰው ስም ከቦታው ጠፍቶ ሲያዩ ምን ያህል እንደሚያማቸው አውቃለሁ። ያን ቀን ደግሞ ቦታውን አውቀውት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። እኔ እስከ ዛሬ ከሳቸው ካየሁት ሁሉ ትልቁ ያ ነው።

በማግሥቱ፣ እሑድ ረፋድ፣ ጋሽ ታፈሰ ከቅዳሴ ሲመለሱ አቶ ደጀኔ በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። «ውሰዱኝ፤ ሱቁ የቱ ጋ እንደነበር ረስቼዋለሁ» አሉ። ጋሽ ታፈሰ ደወሉልኝና ሦስታችን በባጃጅ እስከ ሸዋ በር ሄድን፤ ከዚያ በእግራችን ገባን። የመኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ይሠሩ ነበር፤ አቶ ደጀኔ በእያንዳንዱ ፊት እያመነቱ አለፉ። ጋሽ ኢድሪስ ዘንድ ስንደርስ ግን ማመንታት የለም። ሽማግሌው ጨርቁን ሳይለቁ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋቸው፤ ከዓይናቸው በፊት ትከሻቸውን ነበር ያዩት።

«የግራው ትከሻህ አሁንም እንደወረደ ነው» አሉ። «አቦ፣ ምነው፣ ኮቱ ጠበበህ? ይኼን ሁሉ ዘመን ቆይተህ አስፋልኝ ልትለኝ ነው?»

የጎረቤት ልብስ ሰፊዎች ሳቁ። አቶ ደጀኔ አልሳቁም። ዜማውን ይዘውባቸው እንደሄዱ ተናገሩ፤ ቀስ ብለው፣ ግን ሌሎቹም በሚሰሙት ድምፅ። ሳቁ ቆመ። ጋሽ ኢድሪስ እግራቸውን ከመርገጫው አነሡ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ወላሂ፣ በየሚኒባሱ ስሰማው ነው የኖርኩት።»

አቶ ደጀኔ የሚፈልጉትን ሁሉ እንደሚያደርጉ፣ በጋዜጣም ቢሆን እንደሚናገሩ ገለጹ። ጋሽ ኢድሪስ መቀሳቸውን እያገላበጡ ብዙ አሰቡ። ከዚያ የነገሩን ይህ ነው። ዘፈኑ መጀመሪያ በሬዲዮ የተሰማ ዕለት ሮጠው ቤት ገብተው ለሚስታቸው ለመርየም፣ ይኼ የእኔ ነው፣ ለአንቺ የሠራሁት ነው ብለዋት ነበር። እሷ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ስለ ዜማው ለማንም አልተናገሩም። የገዛ ሚስታቸው ያላመነቻቸውን ሌላ ማን ያምናቸዋል?

«ጋዜጣውን ተወው» አሉ። «ለመርየም ንገርልኝ።»

መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ከፊት ከፊት መሩን። ጠባቧን መንገድ ወጥተን ግቢያቸው ገባን። እትዬ መርየም ነደባው ላይ፣ ያው በሐረር ቤት ከፍ ብሎ በተሠራው መቀመጫ ላይ፣ ጉልበታቸውን በነጠላ ሸፍነው ተቀምጠዋል፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው አልተነሡም። አቶ ደጀኔ ቆመው የሱቁን ሦስት ቀን፣ የተወሰደውን ዜማ፣ የካሴቱን ወረቀት፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሯቸው። እትዬ መርየም እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«እኔ ያላመንኩት ዜማውን መሥራቱን አይደለም» አሉ። «ሲሰፋ ሲያንጎራጉር ነው የኖረው፤ ጆሮ አለኝ። ያላመንኩት ለአንቺ ነው የሠራሁት ያለኝን ነው።» ወደ ባላቸው ዞሩ። «ለእኔ ነበር?»

ጋሽ ኢድሪስ እንደ ልጅ ወለሉን አዩ። «ለማን ይሁን ታዲያ?»

«እንግዲያው ያን ጊዜ ስስቅብህ አትቆጣም ነበር? እውነተኛ ሰው ይቆጣል።»

እንዲህ ብለው እትዬ መርየም ሳቁ፣ ሳቃቸው መሐል ዓይናቸውን ጠረጉ። ጋሽ ታፈሰ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰፌዶች አንድ በአንድ የሚቆጥሩ ይመስል ፊታቸውን አዙረው ነበር። አቶ ደጀኔ ከገቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አሉ። እትዬ መርየም ምሳ ሳትበሉ አትወጡም አሉን፤ ያን ዕለት ጋሽ ታፈሰ የሁለት ቀኑን ምሳ ባንድ ላይ በሉ።

ከምሳ በኋላ ጋሽ ታፈሰ እንደ ባለጉዳይ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ጋሽ ኢድሪስን ፊርማና ፎቶግራፍ ጠየቁ። ጋሽ ኢድሪስ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ ብለው ትንሽ ተግደረደሩ፤ ሚስታቸው፣ ፈርም በቃ፣ ሲሉ ፈረሙ። በዐረብኛ ፊደል ነው የፈረሙት፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሄደ፣ መጨረሻው እንደ ክር የተሳበ ፊርማ። ስፌት መኪናቸው ፊት እንደተቀመጡ እኔ በስልኬ ፎቶግራፍ አነሣኋቸውና አሳተምኩት። ሲያዩት ትከሻዬ ላይ ክር እያለ እንዴት ዝም ትያለሽ ብለው ወቀሱኝ። አቶ ደጀኔ የዜማውን አመጣጥ በገዛ እጃቸው ሁለት ገጽ ጻፉ። ሲሰናበቱ ጋሽ ታፈሰን ወደ ጎን ወስደው፣ የእኔ ፋይል እንግዲህ ይዘጋል አይደል ብለው ሲጠይቋቸው ሰማሁ።

«ሌሎች ዜማዎች አሉዎት፤ እነሱን የሠሩት እርስዎ ነዎት» አሏቸው። «ባይሆን ከነዚያ ጉርድ ፎቶግራፎች ሌላ ፈገግ ያሉበት ይላኩልኝ።»

ላኩላቸውም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ታፈሰ ማንኛውንም ደብዳቤ ከመፈረማቸው በፊት ከግርጌው ጀምረው ነበር የሚያነቡት። አልወቀሱኝም፤ ብቻ ከታች ጀምረው ያነባሉ፤ ያን ሲያደርጉ ሁለታችንም ሳቃችንን እንውጣለን። ሕመሙ ሲጠናባቸው ግን አንድ ነገር እረፍት ነሣቸው። የጋሽ ኢድሪስ ስም እኔ ካቢኔት ውስጥ ቢገባ ማን አየው ይሉ ጀመር። አቶ ደጀኔና ጋሽ ኢድሪስ ሁለቱም ሲፈቅዱ፣ እሑድ እሑድ የቆዩ ዘፈኖችን ለሚያሰማ አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ጻፍን። ዘፈኑን ባሰሙ ቁጥር የዜማውን ደራሲ ስም ከነአባቱ እንዲጠሩ የሚጠይቅ ነበር፤ የአቶ ደጀኔ ሁለት ገጽም ተያይዟል። ያን ደብዳቤ ሲፈርሙ ብዕሩን ከእጃቸው ጋር ይዤላቸው ነበር። ከዚያ በየሳምንቱ መልስ መጣ ወይ ይሉኝ ነበር። አልመጣም። በመጨረሻው ቅዳሜ ግን አልጠየቁኝም፤ የተኙ መስሎኝ ልወጣ ስል፣ «ያልመጣ መልስ እንቢታ አይደለም፤ ሁለተኛ ይጻፋል» አሉኝ። ከሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ያ ነው።

ለቅሶው ላይ አቶ ደጀኔና ጋሽ ኢድሪስ ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አየኋቸው። ጋሽ ኢድሪስ ለሮማን፣ አባትሽ ለእኔ ዕድሜ ቀጠሉልኝ አሏት። ካቢኔቶቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ ቁልፉን ሮማን ለእኔ ሰጥታኛለች፤ ማየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ቅዳሜ ኑ።

ጋሽ ታፈሰ፣ ከዚህ በኋላ ያለው ለእርስዎ ነው።

ከቀብርዎ በኋላ በዋለው እሑድ ሬዲዮው ዘፈኑን አሰማ። የጋሽ ኢድሪስን ስም ከነአባታቸው ጠራ፤ ልብስ ሰፊ መሆናቸውን፣ የሐረር ሰው መሆናቸውን ተናገረ። ደብዳቤዎን አንብበውታል ማለት ነው። ነገር ግን አቅራቢው የቆየ ዘፈን ያለ ሟች አይሆንም ብሎ ነው መሰል፣ «ነፍሳቸውን ይማርና» አለ። ሰኞ ጠዋት ግማሹ ጀጎል ሊያለቅስ መኪና ግርግር መጣ። ጋሽ ኢድሪስ መቀሳቸውን እንደያዙ ለእያንዳንዱ፣ አልሐምዱሊላህ አለሁ፣ ሲሉ ዋሉ። እትዬ መርየም ደግሞ፣ ስም ለማግኘት መሞት ነበረብህ እንዴ ብለው ይቀልዱባቸዋል። ቢሰሙ ኖሮ ከንፈርዎን ነክሰው ወረቀት አምጪ ይሉኝ ነበር።

ወረቀቱን አምጥቻለሁ። የመጀመሪያ የብቻዬ ደብዳቤ ነው፤ ከአዲስ ገጽ ጀመርኩት። «ጉዳዩ፦ የዜማ ደራሲው በሕይወት ስለመኖራቸው» ይላል። ነገ ጠዋት ይላካል።

በሰላም ይሂዱ፣ ጋሽ ታፈሰ። የእርስዎን የዕረፍት ዜና ግን አርሜ የምልክበት ደብዳቤ አላገኘሁም።